ሁለት መቶ አሥራ አራት ከረጢት

ታንጉት ከስድስተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የላትም፤ ገብስ ግን ታውቃለች። ዓይኗን ጨፍና ዛላውን በጣቷ ዳሰስ ታደርግና "ይኼ የደጋ ነው፤ ይኼ ቶሎ ይደርሳል" ስትል ተማሪዎቹ እየሳቁ "ዶክተር ታንጉት" ይሏታል። እሷ ደግሞ ትቆጣለች። ማዕረጉን እሳቸው ይዘውታል፣ ለአንድ ማሳ አንድ ባለማዕረግ ይበቃል ባይ ናት።

እሳቸው ፕሮፌሰር ዳኛቸው ናቸው። ይፋግ ተወልደው፣ ባሕር ማዶ ተምረው፣ ደብረ ታቦር ላይ ሃያ ዓመት ያህል ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸው ቀዳዳ፣ ጫማቸው ምን ጊዜም ጭቃ ነበር። ስብሰባ ላይ ኪሳቸው ሲፈተሽ ከእስክሪብቶ ይልቅ ገብስ ይወጣል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ታንጉት ለአረም የቀን ሥራ ስትገባ፣ አንድ ጠዋት ከኋላዋ ቆመው ሲያይዋት ቆዩ። ከነጩ ገብስ መሃል ሁለት ዛላ ነቅላ ጥላለች።

"ለምን ነቀልሽው?" አሏት።

"የዚህ አይደለም፤ እንግዳ ነው" አለቻቸው።

አጎንብሰው አዩት። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረሙን ለሌላ ሰጥተው ማሳውን ለእሷ አስረከቧት። እንግዳ ሲመጣ "ሠራተኛዬ" ብለው አያውቁም። "የሥራ ባልደረባዬ፣ ታንጉት" እያሉ ነበር የሚያስተዋውቋት። እሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና መሬት መሬት ታያለች። ቤቷ ገብታ ግን ቃሉን ለብቻዋ ደግማ ትለው ነበር።

ሁለቱ አብረው የሚጠብቁት ሁለት መቶ አሥራ አራት ዓይነት ገብስ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከጉና ግርጌ እስከ አንበሳሜ እየዞሩ፣ ከየገበሬው ጎታ እፍኝ እፍኝ ለምነው ያጠራቀሙት ነው። ግማሹን ዛሬ የሚዘራው ሰው የለም። የዘሩት ሽማግሌዎች ሞተዋል፤ ልጆቻቸው መሬቱን ለባሕር ዛፍ ሰጥተውታል። ሰማንያ ሰባተኛው የታንጉት አባት ጥቁር ገብስ ነበር። ወንድሞቿ እሱን ትተው ባሕር ዛፍ ከተከሉ ቆይተዋል። የአባቷ ገብስ በምድር ላይ የነበረው ከማሳው በአራት እርምጃ በማትሞላ አንዲት መደብ ላይ ብቻ ነው።

መብራት ለወራት በጠፋበት ጊዜ የመጋዘኑ ማቀዝቀዣ ቆመና ነቀዝ ገባ። "ዘንድሮ የተረፈንን ሁሉ እንዝራና እናድሰው" አሉ ፕሮፌሰሩ። በመጋዘን አንዲት ፍሬ ሳትቀር ተዘራ። ገብሱም አማረ። ታንጉት ክረምቱን ከአቡጀዲ ሁለት መቶ አሥራ አራት ትንንሽ ከረጢት ሰፍታ፣ በእያንዳንዱ ላይ ከዘር መዝገቡ ቁጥሩን ጻፈች። አንድ መደብ፣ አንድ ከረጢት። መደቡ ለብቻው ይታጨዳል፣ በእጅ ይወቃል፣ በከረጢቱ ይታሰራል። "ከተደባለቀ ሞተ ማለት ነው" ይሉ ነበር ፕሮፌሰሩ። "ስሙን የማናውቀውን ዘር ምን ብለን እንጠራዋለን?" አጨዳው የኅዳር ሁለተኛ ሰኞ እንዲጀመር ተነጋገሩ።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ፕሮፌሰር ዳኛቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ወደ ፊት ተደፉ። አንዱ ጫማ ታስሯል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገነት ውኃ ይዘው ሲመለሱ አልቆ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አልታመሙም፣ አልተኙም፤ ዋዜማውን ከታንጉት ጋር ወፍ ሲያባርሩ ነው የዋሉት።

አስከሬኑ ወደ ትውልድ ቦታቸው ይፋግ ተወሰደ። የትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ ሄደ፣ ታንጉትም ሄደች። ሰልስቱ ላይ ልትመለስ ስትል መንገድ ተዘጋ ተባለ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ከረመና በዘጠነኛው ቀን ደብረ ታቦር ገባች። እያለቀሰችም ሐሳቧ ገብሱ ላይ ነበር፤ ደርቋል፣ ይረግፋል፣ ቶሎ ካልደረስኩለት ወፍ ይጨርሰዋል ትል ነበር። እሳቸውን ማዳን አልቻለችም፤ ገብሳቸውን ግን ታድናለች። ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ቤቷ እንኳ ሳትገባ ከረጢቶቹን ከመጋዘን አውጥታ፣ በጀርባዋ አዝላ ወደ ማሳው ወጣች።

ማሳው ላይ ገለባ ብቻ ነበር።

ቆማ ቀረች። ከማሳው ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ አባ ፈንታሁን፣ ከሩቅ አይተዋት ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ሲደርሱ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ፈገግ አሉ።

"አይዞሽ ልጄ፤ እህሉን አትስጊ። አስገብተነዋል።"

"ምኑን አባ?"

"የፕሮፌሰሩን ገብስ ነዋ! ደመና አየን። ያለጊዜው ዝናብ ሊመታው ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አፈር ገብቷል። የሐዘንተኛ እህል ሜዳ ላይ ቀርቶ ያውቃል? በኛ አገር? እኔ የልጄን ሬሳ ሳወጣ ማን ነበር ቃሬዛውን የተሸከመው? እሳቸው አይደሉም? ደቦ ጠራን። አርባ ሦስት ሰው ወጣ፣ አንድም የቀረ የለ። ባንድ ቀን አጭደን፣ ባንድ አውድማ ከምረን፣ በስድስት ጥማድ በሬ አበራየነው። አምስት ኩንታል ወጣው! ለገነት በአህያ ጭነን አደረስንላት፤ ለአርባው ጠላ ይሆናታል።"

የማሳው ጥበቃ እንኳ ማጭዱን ይዞ ከፊት ነበር አሉ፤ እያለቀሰ ነበር የሚያጭድ።

ታንጉት ከረጢቶቹን ከጀርባዋ አወረደች። አባ ፈንታሁን ወደ ጥሻው ዘወር ብለው በልጥ የታሰረ የእንጨት ጭነት አሳዩዋት። በየመደቡ ራስ ላይ የነበሩት ችካሎች ናቸው፣ ቁጥራቸው ወደ ላይ ተደርጎ አምሮ የተደረደረ።

"እሳቸው የሚወዷቸው እንጨቶች ናቸው ብለን እንዳይጠፉ አንድ በአንድ ለቅመንልሻል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው፤ ቁጠሪያቸው።"

መዳፋቸው ከማጭዱ ቆስሎ በጨርቅ ታስሯል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ታንጉት ምን ትበላቸው? "ዳግመኛ ገደላችኋቸው" ትበል? 

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ" አለች።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታምራት ነገሩን ሲሰማ ወይዘሮ ገነት ቤት ድረስ መጣ። የአንዱን ጆንያ አፍ ፈትቶ እጁን ከተተና እፍኝ አውጥቶ አየው።

"መዝገቡስ?" አላት ታንጉትን በኋላ።

"አለ።"

"ችካሎቹስ?"

"አሉ፤ አንድም አልጎደለ።"

ከገብሱ በቀር የጠፋ ነገር የለም ማለት ነው። "ተደባልቆ ቢዘራስ?" አለችው፣ መልሱን እያወቀች። የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው በሰባ ቀን እንደሚደርስ፣ የትኛው የማን እንደነበር የሚነግር አይኖርም አላት። ተንበርክኮ የጆንያውን አፍ መልሶ አሰረው።

እሷ ግን እሺ አላለችም። ሦስት ቀን ከወይዘሮ ገነት ጓሮ ተቀምጣ ጥቁሩን ከነጩ ስትለቅም ዋለች። የአባቷን ገብስ ፍለጋ ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰፌድ ሙሉ ጥቁር ገብስ ጉልበቷ ላይ ይዛ መዝገቡን ከፈተችው። ጥቁሩ ብቻ ሠላሳ አንድ ዓይነት ነበር። ዛላው ቢሆን የደጋውን ይነግራት ነበር፤ የማን እንደሆነ የሚያውቁት ግን መደቡና ችካሉ ብቻ ነበሩ፤ ፍሬው ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። ሰፌዱን አንስታ መልሳ ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።

አርባው ሲቃረብ ግማሹ ገብስ ለአሻሮ ተቆላ፣ ግማሹ ለብቅል ተዘፈዘፈ። ወይዘሮ ገነት ለምንም ነገር "ታንጉትን ጥሩልኝ" ይላሉና፣ ብቅሉ የሚገለጥ ቀንም ተጠራች። የተሸፈነበትን ቅጠል ገለጥ ስታደርገው ሙቀቱ ፊቷን መታት። ነጭ ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፏል።

እጇ ከልማድ ሄዶ መቶ ፍሬ ቆጠረ። ፕሮፌሰሩ በየዓመቱ ከመዝራታቸው በፊት እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅለው እንዲህ ያስቆጥሯት ነበር፤ ከመቶ ሰማንያ ሲበቅል ደስ ብሏቸው ባርኔጣቸውን ይወረውራሉ። ቆጥራ ጨረሰች። ዘጠና ስምንቱ በቅሏል።

"እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?" አሏት ወይዘሮ ገነት ከኋላዋ።

"በጣም ጥሩ ነው፣ እትዬ። እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ።"

"የሱ እጅ ስለሆነ ነው" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ታንጉትም አብራቸው አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ ግን አልነገረቻቸውም።

ብቅሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሦስት ቀን ደረቀ። ጆንያው ሁሉ በአሻሮ ተይዞ ወደ ወፍጮ የሚወሰድበት ሲጠፋ ወይዘሮ ገነት፣ "አንቺ ጋ ከረጢት ነበር አይደል?" አሏት። ነበራት። ቤቷ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ሴቶቹ ቁጥሩን ሳያዩ ያገኙትን እያነሱ ይሞላሉ፤ አንድ መቶ ሁለት፣ አርባ፣ ዘጠኝ። ታንጉት ከመሃላቸው ሰማንያ ሰባትን ፈልጋ አወጣችው። በራሷ እጅ ሞላችው፣ አፉን አሰረችው፣ አዝላም ከሌሎቹ ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ወረደች።