ሰባት ቁጥር

ዶሮ ማነቂያ ባለችው ፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ ደንበኛ በቁጥር የሚመርጣቸው የፀጉር ቁርጥ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ሰባት ቁጥር፣ ክለባችን ሊያስፈርመው ነው እየተባለ ፒያሳ እንቅልፍ ያጣለት አጥቂ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከረባት ያሰረ ሰው ገባ።

«የተጫዋቹ ጠበቃ ነኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ፎቶ ማን ፈቀደልዎት? ፊርማው የዘገየው እኮ በምስል መብት ነው። ያለፈቃድ የተለጠፈው ሁሉ ሳይነሳ አይፈርምም።»

«ፊቱ የራሱ ነው» አልኩት ኮራ ብዬ፣ «ቁርጡን ግን እዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ የሚሠራው የለም።»

ቢሆንም በእኔ ምክንያት ቀረ እንዳይባል፣ እየቆጨኝ ፎቶውን ልጬ ሰጠሁት።

ጠበቃው አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከዚያ ከረባቱን ፈታና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ሰባት ቁጥር ይሥሩኝ» አለኝ።