እናቴ ለሐኪም ያልነገረችው

እናቴን ሐኪም ዘንድ ይዞ እንደመሄድ አንጀት የሚያሳርር ነገር አላየሁም። እሷ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር ጎኗን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ በሚኒባስ ትመጣለች። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ በጠዋት ተሰልፌ ካርድ አወጣለሁ። ተራችን ደርሶ ወጣቱ ዶክተር «እማማ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?» ሲላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ «እግዜር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ ልጄ። አንተስ ደህና ነህ?» ትለዋለች። በቃ፣ አለቀ።

ሁለት ጊዜ እንዲህ ሠራችኝ። ዶክተሩም ምን ያድርግ፣ የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኘናል። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ሄደች። ጎረቤታችን የነበረች ሴት እንዲህ ከስታ ከስታ ነው የሞተችው፤ እናቴም በዝምታዋ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በሁለተኛው ቀጠሮ ገና ከሐኪም ቤቱ በር ሳንርቅ ጮህሁባት።

«ምነው እማዬ፣ ያመመው ሰው አመመኝ ቢል ምን ነውር አለው? እኔስ ሰው አይደለሁም? አይደክመኝም?»

«እግዜርን ባመሰግን ምን አጠፋሁ?» አለች።

ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በአመስጋኟም በተመስጋኙም ላይ ነበር የተቆጣሁት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጠዋት ደግሞ «ሳልሳለም አልሄድም» አለች። ተራችን ሊያልፍ ነው እያልሁ እየተቃጠልሁ ተከተልኋት። ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፋ ታወራለች። ላጣድፋት ከኋላዋ ጠጋ አልሁ።

«በቀኝ በኩል ነው፣ ከጎድኔ ሥር» ትላለች። «ጾም ሲፈታ፣ ቅቤ የነካው ነገር እንደቀመስሁ ይነሳና ትከሻዬ ድረስ ይወጋኛል። ያስመልሰኛል። አንተ አትሰለችም፤ ለሌላ ለማን ልንገር?»

ጉድ እኮ ነው። ለሐኪም የነፈገችውን ለእግዜር አንድ ሳታስቀር ትነግረዋለች። እስክሪብቶ አውጥቼ የቀጠሮው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍሁ፦ ቀኝ ጎን፣ ቅቤ፣ ትከሻ። ኋላ ዶክተሩ ያን አንብቦ ነው አልትራሳውንድ ያዘዘላት፤ የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፣ ታከመች፣ ዳነች።

አንዱን ግን አልጻፍሁትም።

«የኔስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ» አለችው። «ይቺ ልጄ ግን ደክሟታል። ስትቆጣኝ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። አንተ እንደ ሰው አትደክምም፤ እሷን አበርታልኝ።»

ደክሞሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እሱ ዘንድ ግን ጉዳዬ ቀርቦልኛል። ተራው ይለፍ ብዬ፣ እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆምሁ።