ቅዳሜ ገበያ ላይ በአደራ የተሰጡኝ እናት

በዚያ ቅዳሜ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ሶስና፣ እማማ ታየች የሚባሉ እናት፣ ስሙን ሳይነግረኝ የሄደው ልጃቸው፣ ኮክ የሚሸጠው ፈረንጅ እና አንድ ቡናማ ውሻ። ውሻውን የቆጠርኩት በከንቱ አይደለም፤ እሱም ምስክር ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰመር፣ ኮክ በሚደርስበት ሰሞን፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ንዴቴ እስካሁን ስላልበረደ ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ደም ግፊት ስላለብኝ ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል። ሶስና ደግሞ "ማሚ፣ አንቺ የምታውቂው ሥራሽን፣ ቸርችና ግሮሰሪ ብቻ ነው" ብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የማያዘወትራቸውን ሰፈሮች እየፈለገች ትወስደኝ ጀመር። የዚያን ቀን የሄድነው ድሮ ጀልባ የሚያልፍበት ቦይ ወደነበረበት ሰፈር ነው። አብዛኛው ቦይ ተደፍኗል። ወንዙ አጠገብ ግን ግድግዳው በድንጋይ የታነጸ፣ ውሃ የተኛበት አንድ ቁራጭ ቀርቷል። ከእሱ ከፍ ብሎ ትንሽ የቅዳሜ ገበያ አለ። ቱሪስቱ የሚርመሰመሰው ሌላ ቦታ ስለሆነ እዚያ ጸጥ ይላል።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ልጄን እጇን ይዤ ነበር የምሄደው። "ማሚ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው" አለችኝ። ቢሆንስ?

ገበያው መግቢያ ላይ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጥሩ የለበሰ ሰው አንዲት አሮጊት ይዞ ወደ እኔ መጣ።

"እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ አይደል? እግዜር ነው ያመጣሽ! እናቴን አንድ ጊዜ አደራ፣ መኪናዬን ላምጣ። ገና ከአገር ቤት መምጣቷ ነው፤ ቋንቋውም መንገዱም አይገባትም።"

አደራ ሲባል ምን ይባላል? "እሺ ወንድሜ፣ ምን ችግር አለ" አልኩት። እሱም ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

ጠበቅን። መኪና በመጣ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። አይደለም። ጀርባዬ መጋል ሲጀምር እማማ ታየች "ኑ፣ ጥላው በዚህ በኩል ነው" ብለው ተነሡ። ተከተልናቸው። ከገበያው ጀርባ፣ በቀይ ጡብ ቤቶች መሃል በምታልፍ ጠባብ መንገድ አስገቡንና አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለች አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። እዚያ ዛፍ እንዳለ ከገበያው ሆኖ አይታይም።

ቀጥሎ ሶስና መጸዳጃ ቤት ፈለገች። እኔ ማንን ልጠይቅ እያልኩ ስጨነቅ፣ እሳቸው "ከወንዙ ፊት ያለው ተዘግቷል፤ የሚሻለው ያኛው ነው" ብለው በጣታቸው አሳዩን።

መንገድ አያውቁም የተባሉት እናት ናቸው እንግዲህ።

ከዚያ በቦዩ ዳር ይዘውን ዞሩ። ግድግዳው አፋፍ ላይ ስንደርስ ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩ። "አንቺ ልጅ፣ ልትሄጂ ነው የመጣሽው ወይስ ልታዝይኝ?" ብለው ሳቁብኝ። ድሮ ጀልባው እንዴት ከፍ ዝቅ ይል እንደነበር ለሶስና በእጃቸው አሳዩዋት። ሰማያዊ በር ያለው ቤት ጋ ስንደርስ አንድ ቡናማ ውሻ ከአጥሩ ሥር ጭራውን እየቆላ መጣ። እሳቸው ሳይደነግጡ "ባሻዬ፣ እንዴት ሰነበትክ?" አሉት። ውሻው እጃቸውን ላሰ። እንግዳ ሰው እንዲህ አይላስም።

አሁንም ግን ለራሴ አንድ ሁለቴ መጥተው ይሆናል አልኩ።

ወደ ገበያው ተመልሰን ስንገባ ኮክ የሚሸጠው ፈረንጅ "ማማ!" ብሎ ጮኸ። ትንሽ የተመታ ኮክ በወረቀት ከረጢት ሞልቶ ሰጣቸው። ከዚያ እኔንና ልጄን አየና ፈጠን አድርጎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ፤ አልተያዘልኝም። ሶስና አልሳቀችም።

"ምንድነው ያለው?"

"ማሚ... 'የዛሬ ተረኞች እናንተ ናችሁ?' ነው የሚለው።"

ሶስና እየጠየቀች አስረዳችኝ። ሰውየው እኛ የእሳቸው ቤተሰብ መስለነው ነው። በየቅዳሜው ከአዲስ ሐበሻ ጋር ስለሚያያቸው፣ ይህቺ እናት ምን ያህል ዘመድ ቢኖራት ነው ይላል።

ያን ጊዜ ነው የእማማ ታየችን ቦርሳ ልብ ብዬ ያየሁት። ጋቢ፣ ጃንጥላ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት ሳጥን፣ በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር፣ የቤት ጫማ። መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የቤት ጫማ ይዞ አይወጣም።

"እማማ" አልኳቸው፣ "ልጅዎ መኪና ሊያመጣ አይደለም የሄደው።"

"ሩቅ አቁሞት ነው" አሉ።

ኮኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ለሶስና ሰጧት፣ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ድስት ረስተው ቤቱ በጭስ ተሞላ። የአፓርትመንቱ ቢሮ ልጃቸውን አስጠነቀቀው። ቅዳሜ የምግብ ዴሊቨሪ ስለሚሠራ በር ቆልፎባቸው መሄድ ጀመረ። "መቆለፉ የባሰ ነበር" አሉኝ። "ከምትቆልፍብኝ ሰው ያለበት ተወኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ልጄ ክፉ አይደለም። አደራሽን፣ ሲመጣ አትቆጪው።"

ሶስና "ማሚ፣ ፖሊስ እንጥራ" አለች በእንግሊዝኛ። እሳቸው እንዳይሰሙ ነው። ስልኩን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ፖሊስ ቢመጣ ልጃቸው ይታሰር ይሆናል፤ እሳቸውን የት ይወስዷቸዋል? አማርኛ የሚሰማ ሰው ወደሌለበት ቤት? ባልጠራስ፣ ስኳራቸው እጄ ላይ ቢወርድ? ቦርሳቸው ውስጥ የልጃቸው ስልክ ቁጥር እንኳ አልነበረም። ሆን ብሎ ነው ያላስቀመጠው። የማታ ሺፍቴ እየደረሰ ነበር። ሥራ ቦታ ደውዬ ዛሬ መምጣት አልችልም አልኩ። ፍርፍሩን አብረን በላን፤ ክኒናቸውን አየሁላቸው።

ነጋዴዎቹ ድንኳናቸውን አጣጥፈው ሲጨርሱ ልጃቸው በመኪናው መጣ። ከኋላ ወንበር ላይ የምግብ ማድረሻው ቦርሳ ይታያል።

"ይቅርታ እህቴ፣ ፓርኪንግ አጣሁ ባክሽ።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

ሳቅ አለ። "መቼም አልሰለቸሽም። እናቴ ጨዋታ ታውቃለች።"

በሕይወቴ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ። "እናት ናቸው ወይስ ዕቃ? እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ? ሌባ ብሆንስ? እሺ ብዬ ትቻቸው ብሄድስ? ውሃው እዚያ ነው! ሰው አደራ ሲባል እምቢ እንደማይል አውቀህ በእሱ ትነግድበታለህ!"

"እና ምን ላድርግ?" አለ፣ ሳቁ ጠፍቶ። "ሥራ ልተው? ልቆልፍባት? እውነቱን ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?"

"እምቢ እልህ ይሆናል። መልሱን የምሰጠው ግን እኔ ነበርኩ፤ አንተ አይደለህም።"

የመኪናውን በር ሊከፍት ዞረ። እኔ ግን አልጨረስኩም። "ስልክህን አውጣ። ቁጥሬን መዝግብ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ አምጣቸው፣ በግልጽ፣ ስምህን ነግረህ። ሌላ ቀን ገበያ ላይ ለማያውቁት ሰው ሰጥተህ ባይህ ግን ፖሊስ ነው የምጠራው።" ስልኩን ነካካ። መዝግቦ ይሁን አስመስሎ አላየሁም።

እማማ ታየች መኪና ውስጥ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። አልተቆጡኝም። ከኮኩ ግማሹን አቀበሉኝና "ከወንዙ ወዲያ ያለውን ሰፈር አላሳየሁሽም፤ ሌላ ቀን" አሉኝ።

አልደወለም። እኔና ሶስና ኮኩ አልቆ ፖም እስኪመጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስን። ባለ ኮኩ "ማማ የት አለች?" ይለናል። ውሻው እኛን ያይና ከኋላችን ሰው ይፈልጋል።

በሰውየው ላይ ያለኝ ንዴት ንዴት ነው፤ ሥራ በዛብኝ፣ ኑሮ ከበደኝ ቢለኝም አይበርድልኝም። እኔም ሠርቼ ነው የማድረው። ሌሊት የሚያነቃኝ ግን ሌላ ነው። ከእኔ ሸሽቶ ሌላ ገበያ ወስዷቸው ከሆነ አንድ ነገር ነው። ቆልፎባቸው ከሆነስ?

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ አናንዴልም ሆነ ግሪንቤልት፣ ኮሌጅ ፓርክም ሆነ ሌላ ቦታ፣ አንድ ሰው "መኪና ላምጣ፣ እናቴን አደራ" ብሎ ቢሰጣችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሰጥቷችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ በዚህ የጋዜጣው አምድ በኩል አሳውቁኝ። ቀጭን ናቸው፣ ግራ እጃቸው ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ስማቸው ታየች ነው። ደህና መሆናቸውን ብቻ ንገሩኝ።