በረግረግ መቅናቴ

ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በመሬቱ ይቀናል። እኔ በስተርጅና የቀናሁት በረግረግ ነው። ብናገረው ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።

ረግረጉ ከኢየሩሳሌም ዳር፣ በሁለት አውራ መንገዶች መካከል የተኛ ጎድጓዳ መስክ ነበር። ሸምበቆና ቄጠማ አለው፤ ሚዳቋ ይወርድበታል፤ ሽመላ ስታልፍ ታርፍበታለች። ከጽዳት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከዚያ አልጠፋም። ከጣና ዳር የመጣሁ የደንቢያ ሰው ነኝና ጭቃ ሲሸተኝ ማለፍ አልችልም። አንድ የሰፈሬ ወዳጅ አለኝ፤ እሱንም ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ የወገራ ደገኛ ነው፤ መጀመሪያ ቀን፣ “ይኼ ሁሉ ውሃ ካልታረሰበት ምን ያደርጋል?” ነበር ያለኝ።

“ረግረግ የምድር ጋቢ ነው” አልኩት። “ዝናቡን ይጠጣል፣ ቀስ እያለ ይለቃል። ብትደፍነው ውሃው ቤትህ ይገባል።”

ኋላ ቤት ሠሪዎች መጡ፤ መስኩን ደፍነን ፎቅ እንሥራበት አሉ። የሰፈሩ ሰው ተቃወመና ስብሰባ ጠራ። ልጄ አስተርጓሚ ሆና ወሰደችኝ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ስለ እኔ ሰምታ ኖሮ፣ “አባት፣ የውሃ አገር ሰው ነዎት አሉ፤ ይናገሩልን” አለችኝ።

እኔም እንደ አገሬ ወግ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ “ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ሌላ ሰው ይናገር” አልኩ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በመጀመሪያው ግብዣ አይነሳም። ሁለቴ ይለመናል፤ በሦስተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል። ሴትዮዋ ግን “እሺ፣ እናመሰግናለን” ብላ ዞር አለች። ወዳጄ ሳይጠራ ብድግ! “ረግረግ የምድር ጋቢ ነው…” ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ጋዜጠኛ ፎቶ አነሳው።

“አባዬ፣ ለምን እምቢ አሉ?” አለችኝ ልጄ በመንገድ።

“መቼ እምቢ አልኩ?” አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ወዳጄ የረግረጉ አዋቂ ሆነ። ትምህርት ቤት ይጋብዙታል፤ ልጆቹ “ሳባ” ይሉታል፣ አያታችን ማለታቸው ነው። እኔ ወደ ረግረጉ መሄድ ተውኩ። ኢትዮጵያ ጎዳና ወደሚባለው መንገድ ሄጄ ከሐበሾች ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝና እምነታችን ባይገጥምም የሚያልፈው ሰው አማርኛ ያወራል።

በበጋው ወዳጄ ፈልጎ እዚያ አገኘኝ።

“ምነው ዘጋኸኝ?”

“እግሬን አሞኝ ነው።”

“የሚያምህስ ዓይንህን ነው” አለና ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ጨለመ። “ማክሰኞ ሹማምንት ሊያዩት ይመጣሉ። ቤት ሠሪዎቹ ‘የዝናብ ኩሬ ነው፤ በበጋ የለም’ ብለዋል። በበጋም ውሃ እንዳለው ካላሳየን አለቀለት። ያ በበጋም አይደርቅም ያልከኝ ምንጭ የቱ ጋ ነበር?”

ምንጩን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። “ረሳሁት” አልኩት። ዋሸሁ። በሰው ፊት እንዲያፍር ፈለግሁ።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እሱ ቢያፍር ለአንድ ቀን ነው፤ ሽመላዋ ግን ዞራ ስትመጣ የምታርፈው የት ነው?

ማክሰኞ ሄድኩ። ሹማምንቱ በተሰነጠቀ መሬት ላይ ቆመዋል፤ ወዳጄ ላቡን እየጠረገ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይጠቁማል። ማንንም ሳላናግር ጫማዬን አወለቅሁ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ሸምበቆው መሀል ገባሁ። ጭቃውን በእጄ ዛቅሁ፣ ዛቅሁ፤ ውሃው ድፍርስ ሆኖ ፈለቀ፣ ቆይቶ ጠራ። “ኑ!” አልኩ። መጡ። አንዱ ጻፈ፣ አንዱ በጠርሙስ ቀዳ።

“እንዳልረሳኸው አውቅ ነበር፣ አንተ ተንኮለኛ!” ብሎ ወዳጄ ትከሻዬን መታኝ። እግሬን ልታጠብ ዘወር ስል ጋዜጠኛው ወዳጄን ምንጩ ዳር ፎቶ አነሳው።

ጋዜጣውን ልጄ አነበበችልኝ። ምንጩ ተመርምሮ እስኪያልቅ ግንባታው ይቆይ ተብሏል።

“ስለ እኔስ?”

“‘አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ምንጩን አሳዩ’ ይላል።”

“ስም የለውም?”

“የለውም፣ አባዬ።”

ውሃው በመትረፉ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ወዳጄ ግን ያንን ፎቶ በመስተዋት አስገብቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የምቀመጠው።