ከአንጥረኛው በታች

አባቴ በስግድ በዓል ዋዜማ ወንዝ ወርደው ካልጠለቁ በዓሉ በዓል አይመስላቸውም። ምኩራቡ አጠገብ የሞቀ መጥለቂያ ገንዳ አለ፤ እሳቸው ግን «ወራጅ ውሃ ነው የሚያነጻ» ብለው ከሰፈራችን ከናሕሊኤል አውቶቡስ ይዘው ይሄዳሉ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ብዙ የማይርቅ፣ ዛፍ የሸፈነው ቦታ ወንዙ ዳር አላቸው።

እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ነው። የወንዝ ውሃና ደለል እየቀዳን እንመረምራለን። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተራው የሐደራ ወንዝ ሆነ፤ አባቴ ከሚጠልቁበት ቦታ የቀዳሁት ደለል እርሳስና ካድሚየም የተባሉ መርዛማ ብረቶች ከልክ በላይ ተገኙበት። ስንት ዓመት ገብተውበታል!

«አባየ፣ ናሓሉ ብረት አለበት። ሁለተኛ እንዳይገቡበት» አልኳቸው፤ ወንዙን በዕብራይስጥ ናሓል ነው የምንለው።

ሳቁብኝ። ወደዚህ አገር ሳይመጡ፣ ጎንደር ሳሉ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ።

«ብረት ነው እኔን የሚገለኝ? የጋለ ብረት ውሃ ስነክር ያደግሁትን?»

«ይሄ መርዝ ነው፣ አባየ።»

«ማዕባዳሽ፣ ያ ላቦራቶሪሽ፣ የፈለገውን ይበል። ውሃው ጥርት ያለ ነው!»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ?» አልኩ ተናድጄ። «ወይ ገንዳው ይግቡ፣ ወይ ዘንድሮ ይቅርብዎ!»

ለሰማንያ ዓመት ሰው እንዲህ ይባላል? ወዲያው ቆጨኝ። ለማባበል ብዬ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና የቀዳሁበትን ቦታ አሳየኋቸው። ጣታቸውን በወንዙ ላይ ወደ ላይ ስበው አንድ ቦታ ላይ አቆሙ።

«እዚህ ምን አለ?»

«ጋራዦች፣ ብረታ ብረት ቤቶች፣ ቀለም ቤቶች።»

«ውሃው ከዚህ ወደኔ ነው የሚወርድ?»

«አዎ።»

ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ አንጥረኛው! በመንደራችን የመጠጡ ውሃ ከላይ፣ መጥለቂያው ከሱ ቀጥሎ፣ የኔ ወናፍ ከሁሉም በታች ነበረ። ከአንጥረኛ በታች ማን ይጠልቃል? ይሄ አገር ሜዳ ሆኖብኝ፣ ላይና ታቹ ጠፋኝ።» ትንሽ አሰቡና፣ «በይ ተነሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ።

ከጋራዦቹና ከብረታ ብረት ቤቶቹ ሁሉ በላይ አልፈን ሄድን። ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ የቀዳሁት እኔ። ውጤቱ ንጹህ ሆኖ ሲመጣ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር።

በዋዜማው በመኪና ወሰድኳቸው። ልብሳቸውን አውልቀው በነጠላ ብቻ ዳር ላይ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ወረቀቱን አንብቢልኝ።»

«ውጤቱን ነገርኩዎ እኮ፣ አባየ።»

«አንብቢው።»

አነበብኩላቸው። እርሳስ ስል «ብሰዴር፣ ደህና ነው»፣ ካድሚየም ስል «ብሰዴር» እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ፊቴን እንዳዞር አዘዙኝና ገቡ። ብርዱ ሲያስጮሃቸው ጀርባዬን ሰጥቼ በሳቅ ሞትኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከጸሎት በኋላ፣ ከሽማግሎቹ መሀል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«ልጄ ያላየችው ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ!»