ማንም ያልወደደው ካሴት

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሊበላ ውስጥ እንግዳ ሲያስጎበኙ ኖሩ። አንዱ እንግዳ ትቶላቸው የሄደ የሮክ ባንድ ካሴት ነበራቸው። ባንዱ ካረጀ በኋላ ያወጣው ሥራ ነው። የባንዱ ወዳጅ የሆኑ ቱሪስቶች እንኳ "የድሮው ይሻላል" ይሏቸው ነበር። እሳቸው ግን "እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ አትፍረዱ" እያሉ ሻይ አዝዘው ያስቀምጧቸዋል።

አንድ ቀን አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ የካሴቱን ሁለቱንም ፊት ሰምታ እንባዋን ጠረገች። "ይህን ሁሉ ዓመት በከንቱ ንቄው ኖርኩ" አለቻቸው። ያን ቀን አጎቴ እንደ ልጅ ፈነጠዙ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ አወሩ።

እኔን ግን ማሳመን አቃታቸው። "ጋሼ፣ የሽማግሌ ጩኸት እኮ ነው" እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳው ሲቀር የሚያሰሙት ሰው አጡ። ታመው የተኙ ሰሞን ጠሩኝ።

"ነይ እስቲ፣ ዛሬ አንቺ እንኳ አብረሽኝ ስሚው።"

ቸኩዬ ስለነበር "ነገ እመጣለሁ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ስመጣ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ክፍላቸው ገብቼ ካሴቱን ከፈትኩት። ቋንቋውን አላውቀውም፤ የዘፋኙም ድምፅ ደክሟል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን ድምፁ እንደሚሰናበት ሰው ዝግ እያለ ሄደ። ሳላስበው "ጋሼ፣ እውነትዎን ነው እኮ!" ብዬ ወደ አልጋቸው ዞርኩ።

ፍራሹን ለነዳያን ሰጥተነው ነበር። የጠፍር አልጋው ባዶውን ቆሟል።