ሳትቀምስ የምታበስለዋ እፀገነት

እፀገነት መጀመሪያ ሽንኩርቱን ትልጣለች። ለሁለት ሰንጥቃ በደረቱ ታስተኛውና በስሱ ትከትፈዋለች፤ ከወፈረ ከላይ አርሮ ከውስጥ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ ሲግል ትጨምረውና እሳቱን ዝቅ ታደርጋለች። ሽንኩርቱ ሲጠቁር የቲማቲም ድልህ፣ ድልሁ ዘይቱን ሲተፋ የተወቀጠ ቋንጣ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ። ሲንተከተክ የደረቀ የባሚያ ዱቄት በጣቶቿ ትነሰንስና ሙፍራካውን፣ ጫፉ ጥርስ ያለውን የእንጨት መምቻ፣ በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ ታሽከረክራለች። ወጡ ከማንኪያው እንደ ክር ከተሳበ ደርሷል። ጨዉን በማንኪያ ልሙጥ አድርጋ ለክታ ትጨምርና እጇን ታጥባ ትቆማለች።

አትቀምስም። ሱዳኖች ተቀሊያ የሚሉትን ይህን ወጥ በካርቱም ካፉሪ ሰፈር በአንድ ቪላ ሰባት ዓመት ስትሠራ በምላሷ ነክታው አታውቅም። በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አትበላም፤ መዳፍ ላይ ጠብ አድርጎ መላስም ለእሷ መብላት ነው። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ ሥጋ የምታገኘው ለገናና ለፋሲካ፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ያሉ ክርስቲያኖች ተዋጥተው በሬ አርደው ቅርጫ ሲከፋፈሉ ብቻ ነው። ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ሳምንት ምድጃ ፊት ይቁምና ይሞክረው፤ የሰው ቋንጣ እየሸተተው፣ የራሱ ምሳ ፉልና ዳቦ ሆኖ።

የቤቱ እመቤት ሐጃ ኢንሷፍ ነገሩ የገባቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «እናንተ በረመዳን ሳትቀምሱ ትሠሩ የለ? የእኔ ዓመቱን ሙሉ ነው» ብትላቸው ሳቁ። የጨዉን ነገር ለጽዳቷ ሠራተኛ ለሰፋ ሰጧት፤ ሰፋ ትቀምሳለች፣ እፀገነት ታስተካክላለች። ማንም ለማንም አልከበደም።

በጥር 2014 ዓ.ም. የሐጃ ልጅ ሐቲም አገባ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ዓርብ ቢሆን ኖሮ «ጾም ነው» ብላ ታመልጥ ነበር። የሐጃ እህት ሉጥፊያ ከጀብራ ሰፈር መጥተው ሴቶቹን አስከትለው ወጥ ቤት ገቡ። ወጡን አይተው ደስ ስላላቸው በኪስራ፣ በስስ የሱዳን ቂጣ፣ ጠቅልለው ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘረጉ። ክፋት አልነበረውም፤ ማክበራቸው ነው። እፀገነት አፏን ገጥማ ወደ ኋላ ሸሸች።

«መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ሐጃ። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።»

«የምን ሃይማኖት? ሾፌሩ ሐበሻ አይደል እንዴ? ካሳሁን! ና እስቲ!»

የሐጃ ኢንሷፍ ሾፌር ካሳሁን የለስላሳ ሳጥን እንደተሸከመ ገባ። ይህ ሰው ከእፀገነት ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር የሚጠጣ ነው፤ ደንቡን ከእሷ እኩል ያውቃል።

«በእናንተ ዘንድ ይሄ ክልክል ነው?» አሉት ሉጥፊያ።

ሴቶቹን በዓይኑ ቃኛቸውና ሳቀ። «ላ፣ ያ ሐጃ፣ የምን ክልክል! እኔ እበላ የለ? እሷ ትንሽ ደረቅ ናት። ገዳም መግባት ሲገባት መንገድ ስታ እዚህ መጣች።»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐጃ ኢንሷፍ ግን አልሳቁም።

«ያን ሁሉ ዓመት ስለ እምነትሽ መስሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ የቤቴን ምግብ ተጸይፈሽ ነው።»

«ወላሂ አይደለም፣ ሐጃ…»

«ኻላስ፣ በቃ።»

ሠርጉ እንዳለቀ አሰናበቷት።

ሰኞ ዕለት ሳጃና፣ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ካሳሁን መኪናውን ሲወለውል አገኘችው።

«እፁዬ! ልደውልልሽ ስል…»

«ክልክል አይደለም ያለው አፍህ ደህና ነው?»

«እኔ እኮ ነገሩ እንዲበርድ ብዬ ነው። በሠርግ ቀን አንዲት ጉርሻ ዋጥ ብታደርጊ ምን ነበረበት? ለንስሐ አባትሽ ትነግሪና ያልቃል።»

«አንተ ብላ። ስትበላ እያየሁ ለሰው ተናግሬብህ አውቃለሁ? ማኅበር ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ ጽዋ ስትቀበል ቃል ወጣኝ?»

«አልወጣሽም።»

«ታዲያ በአንተ ሆድ የእኔን ሃይማኖት እንድትለካ ማን ፈቀደልህ?»

«ቅድስት እፀገነት! ኧረ ሰው ይሰማሻል!»

«ይስማኝ!»

ከሻይ ቤቱ አንድ ሰው ብቅ ብሎ፣ «ሴትዮ፣ ሥጋ በላ እንጂ ሰው አልገደለም» አላት።

«ስለበላ መሰለህ? ስለዋሸብኝ ነው!» ወደ ካሳሁን ዞረች። «አሁን ሂድና ለሐጃ እውነቱን ንገራቸው።»

«ከዚያ 'አንተስ ለምን ትበላለህ?' ሲሉኝ ምን ልበል?»

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ወለል አለላት። ይህችን አንዲት ጥያቄ ላለመመለስ ሲል የእሷን እንጀራ ዘግቷል። አልሄደም፤ ዛሬም ያንኑ የሐጃን መኪና ይነዳል።

እሷ ጀብራ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ወለል ታጥባለች። ሌሎች ቤቶች የወጥ ቤት ሥራ ስትጠይቅ «ሐበሻዋ የሰው ምግብ ትጸየፋለች» የሚለው ወሬ ቀድሟት ይደርሳል። ሥጋው አልቆጫትም፤ ሥራውም ቢሆን ስለ እምነቷ ብትባረር ኖሮ ትችለው ነበር። ያንገበገባት በንቀት ስም መባረሯ ነው። አንድ ሰው ለሃይማኖቱ የሚከፍለውን መክፈሉ ሳያንስ፣ ያስከፈለው ነገር ስሙ ተቀይሮ ስድብ ሲሆንበት ምን ይባላል?

ስሟ እንዲጻፍ የፈቀደችው የሚከተለው ሳይቀነስ ይጻፍልኝ ብላ ነው፦

«የምታነቡ ሁሉ፣ መብላት ካሻችሁ ብሉ፤ ዳኛችሁ አይደለሁም። ስትጠየቁ ግን 'እኔ እበላለሁ፣ እሷ የማትበላው በእምነቷ ነው' በሉ። ይህ ከከበዳችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታ አያስከፍልም። ከመካከላችሁ ደግሞ ሐጃ ኢንሷፍን የሚያገኝ ካለ፣ እባካችሁ፣ 'እፀገነት ቤትዎን አልተጸየፈችም' ብላችሁ ንገሩልኝ።»